ዋሽቶ የማያውቅ ብረት

ዋሴ ደምለው ፊደል የቆጠረው ሰሊጥ ሰሊጥ በሚሸት ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ ትምህርት ቤት ከመሆኑ በፊት የአንድ ባለሀብት መጋዘን ነበር። ባለሀብቱ በሱዳን ድንበር አጠገብ ካለችው ከኮኪት ከተማ ወዲያ ባለው ሜዳ ሰፊ መሬት በትራክተር ያሳርስ የነበረ ሰው ነው። በ1967 መሬት ለአራሹ ሲታወጅ የሚነዳውን ትራክተር ሁሉ አስነድቶ ሱዳን ገባ። የማይነዳ አንድ ትራክተር፣ በዶዘር ያስቆፈረው የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬ፣ ይህም የቆርቆሮ መጋዘን ቀሩ። እንዲህ ያለውን ኩሬ ሱዳኖች ሀፊር ይሉታል፤ መንደሩም ሀፊር ተባለ።

የዋሴ አባት ደምለው ከአቸፈር ለአንድ አጨዳ ብቻ የወረደ ሳሉግ ነበር። ሳሉግ የሚባለው ከደጋ መጥቶ ሰሊጥ ሲያጭድ ከርሞ፣ ሜዳ ላይ አድሮ፣ ያገኘውን በጨርቅ ቋጥሮ የሚመለስ ሰው ነው። ደምለውን ግን በመጣበት ዓመት ወባ ጣለው። ሲያገግም ክረምት ገብቶ መንገዱ ጭቃ ሆነ፤ ጭቃው ሲደርቅ ደግሞ ሌላ አጨዳ ደረሰ። እንዲህ እያለ ሲከርም፣ መመለሱን ትቶ ሚስቱን አሰበችንና ትንሹን ዋሴን አስወረዳቸው። ደጋ የቀሩት ዘመዶቹ «ቆላ በላው» ብለው ተዉት። ሰውዬው ባይሞትም ዘመዶቹ አልተሳሳቱም።

በ1968 የገበሬ ማኅበሩ ተሰብስቦ መጋዘኑ ትምህርት ቤት እንዲሆን ወሰነ። ውሳኔው አንድ ማሰሪያ ነበረው፤ ሰሊጥ ሲገባ መጋዘኑ ተመልሶ መጋዘን ይሆናል። ስለዚህ የሀፊር ልጆች በመስከረም ቆርቆሮው ሥር፣ በጭቃ መደብ ላይ ተቀምጠው ይማራሉ። መደቡ ላይ ጆንያ መደርደር ሲጀምር ትምህርቱ ወደ ራኩባው ይወጣል። ራኩባው ባላ ተተክሎ በሰንበሌጥ የተከደነ፣ ግድግዳ የሌለው ዳስ ነው። አጨዳው ሲፋፋም ግን እሱም ባዶ ይሆናል። ማጭድ መጨበጥ የሚችል ልጅ ሁሉ ማሳ ነዋ።

በዚህ ወላጅን የሚቀየም መምህር ቆላን አያውቅም። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ታግሦ አይቆምም። ቅጠሉ ረግፎ የታችኛው ፍሬ ቢጫ ሲሆን መታጨድ አለበት፤ ጥቂት ቀን ካለፈው ፍሬው አፉን ይከፍትና የዓመቱ ልፋት ለጉንዳን ይፈሳል። የታጨደው በነዶ ታስሮ፣ ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ፣ እስኪደርቅ በቁሙ ይሰነብታል። ይህን የቆመ ክምር ሂላ ይሉታል። የደረቀ ሂላን ለማንደድ አንድ የሲጋራ ቁራጭ ይበቃል፤ ከአንዱ ሂላ ወደ ሌላው ደግሞ ነፋሱ ያደርሰዋል።

የመጀመሪያው መምህር አዛናው ይባላሉ። ከጎንደር ከተማ ሲመጡ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ስለነበር ልጆቹ ዝናብ ያመጡ መሰላቸው። ሰሌዳ አልነበረም። ከተበላሸው ትራክተር ተጎታች አንድ የጎን ላሜራ አስፈትተው፣ ያለቀ የድንጋይ ባትሪ አስቀጥቅጠው፣ ጥቁሩን ዱቄት በሙጫ ለውሰው ቀቡት። ደወልም አልነበረም። ደወሉን ያመጡት አያ ጀይሉ ናቸው። አያ ጀይሉ የባለሀብቱ ትራክተር ረዳት የነበሩ፣ ሌላው ሁሉ ሲሄድ ከመጋዘኑ ጋር የቀሩ፣ አንድ እግራቸው የሚያነክስ ዘበኛ ናቸው። «የሚነዳውን ነዳ፣ የማይነዳውን እኔንና ትራክተሩን ተወን» ይላሉ። ከትራክተሩ ማረሻ አንዱን ዲስክ ፈትተው መጋዘኑ ደጅ ካለው ግራር ላይ በሰንሰለት ሰቀሉት። በብረት ሲመታ ድምፁ ሜዳውን ሁሉ አቋርጦ ይሄዳል።

ዲስኩ ሕግ ወጣለት። የትምህርት ምት ዝግ ያለና የተራራቀ ሆነ፤ የእሳት ምት ደግሞ ሳያቋርጥ የሚወርድ። በአጨዳ ወራት ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ስለሚቆም ማሳ ውስጥ ያለ ሰው ጭሱ ከየት እንደተነሣ አያይም። መጋዘኑ ግን ጉብታ ላይ ነው፤ ጣሪያው ላይም መሰላል ተደግፏል። ስለዚህ የእሳት ምት የሰማ ሁሉ ወደ መሰለው ሳይሆን ወደ ዲስኩ ይሮጣል፤ አያ ጀይሉ ከመሰላሉ ላይ ሆነው አቅጣጫውን ያሳያሉ። ሁለተኛው ሕግ ከዚህ ይከተላል። አጨዳ እስኪያልቅ ዲስኩ ለትምህርት አይመታም፤ ለስብሰባም አይመታም። በአጨዳ ወራት ብረቱ ከጮኸ እሳት ነው።

ዋሴ ይህን ሕግ በሥራ ላይ ያየው ልጅ ሳለ ነው። ጥቅምት ላይ አንድ ሂላ ተያያዘና ጀይሉ ዲስኩን መቱት። ዋሴ ግራሩ ሥር ቆሞ ሲያይ፣ ማሽላው ከየአቅጣጫው ተሰንጥቆ ሰው ይተፋ ጀመር። እሳት መምቻ ቅጠል የያዘ፣ ጀሪካን የተሸከመ፣ በድንበር የተካሰሰ፣ ስሙ የማይታወቅ ሳሉግ ሁሉ ወደ ብረቱ መጣ። እሳቱ አንድ ማሳ በልቶ ቆመ። ልጁ ከዚያን ቀን ወዲህ በሀፊር ከዲስኩ የሚበልጥ ነገር ያለ አይመስለውም ነበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሲናገሩ ሰው ያንቀላፋል፤ ብረቱ ሲናገር ግን ሁሉም ይሮጣል።

መምህር አዛናው ዋሴን በአንድ ዓመት ሁለት ክፍል አሻገሩት፤ በዚያን ጊዜ አነጋገር ደብል መታ። አንድ ቀን ሰሌዳው ፊት አቁመውት ለክፍሉ ሁሉ፣ ይህ ልጅ ስድስተኛ ክፍል ይፈተናል አሉ። ሀፊር ያለው እስከ አራተኛ ብቻ ስለነበር ልጆቹ ሳቁ። መምህሩ አልሳቁም። ሰኔ 1969 ለዕረፍት ጎንደር እንደወጡ ቀሩ። ምን አገኛቸው ብሎ ጮክ ብሎ የጠየቀ ሰው የለም፤ ዘመኑ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠየቅበት አልነበረም። ጃንጥላቸው በመጋዘኑ ምሰሶ ላይ በተመታው ምስማር እንደተሰቀለ ከረመ። ሰሊጡን ተከትሎ የመጣ አይጥ ጨርቁን ጨርሶ ሽቦው ብቻ ሲቀርም ያወረደው አልነበረም።

ዋሴ አራተኛን ጨርሶ ለአምስተኛ ክፍል ሸኸዲ ከተማ ሲሄድ ከሀፊር ልጆች ሦስቱ አብረውት ነበሩ። የማሽላ ዱቄታቸውን ተሸክመው፣ አንዲት ጠላ ሻጭ ማድቤት ውስጥ ተጠግተው፣ ለኪራዩ እንጨት ይፈልጡላት ነበር። የመጀመሪያው ልጅ በወባ ሞተ። ሁለተኛው ጠኔ ሲበዛበት ድንበር ተሻግሮ ገላባት ላይ ጭነት ተሸካሚ ሆነ። ሦስተኛውን አባቱ መጥቶ ለእርሻ ወሰደው። ስድስተኛ ክፍልን የተፈተነው ዋሴ ብቻ ነው። አልፏል ሲባል አልተደሰተም። በማድቤቱ አንድ ሰው የሚያህል ባዶ ቦታ ሳይሆን ሦስት ሰው የሚያህል ባዶ ቦታ ነበር፤ ሌሊት እግሩን እንደልቡ ዘርግቶ መተኛቱን ሊለምደው አልቻለም። ሀፊር ስድስተኛ ክፍል ቢኖራት ኖሮ የሚለው ሐሳብ እዚያ ማድቤት ውስጥ ገብቶበት አልወጣም።

የቀረው ትምህርት ጎንደር አለፈ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ፣ አንድ ዓመት በመምህርነት ሠልጥኖ፣ የምደባ ቀን ሀፊርን ሲጠይቅ መዳቢው ቀና ብሎ አየው። ሰው ከዚያ ቆላ ለመውጣት ደጅ ይጠናል፤ አንተ ለመግባት ትለምናለህን ብሎ ሳቀበት። በ1980 መስከረም ዋሴ በዚያው ሰሌዳ ፊት ቆመ። እናቱ አሰበች አዲስ ሸሚዙን አይታ፣ ጠመኔ ይዞ ከማጭድ ያመለጠ ልጅ ወለድኩ ብላ ለጎረቤት ተናገረች። አባቱ ግን፣ እኔን ቆላ ያስቀረኝ ወባ ነው፤ አንተን ምን ነካህ ከማለት በቀር ነገር አላበዛም።

ዋሴ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አምስተኛ፣ ቀጥሎም ስድስተኛ ክፍል። በየስብሰባው ይህንኑ ስለሚል ሊቀ መንበሩ «ዋሴ ስድስት» የሚል ስም አወጡለት። በ1981 አምስተኛ ተፈቀደ። በ1982 ስድስተኛ ተከፈተ፤ ከትልልቅ ወንዶች አምስት፣ ከሴቶችና ከትንንሾቹ አራት ነበሩ። ትልልቆቹ በስንት ዓመታቸው ትምህርት እንደጀመሩ የሚያውቅ የለም። ፂም ያበቀሉ፣ በአጨዳ ከአባቶቻቸው እኩል ሂሳብ የሚያገኙ ልጆች ናቸው። ከእነዚህ አንደኛው ሸጋው ነው። ሸጋው ነገር አንድ ጊዜ ሰምቶ የሚይዝ ዓይነት ነበር። መምህሩ ወባ ሲጥለው እሱ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ትንንሾቹን ያስተምራል። አስተማሪ እሆናለሁ ብሎ አያውቅም፤ ዋሴ ግን በልቡ ሾሞታል።

የሸጋው እናት ፋናዬ ባልዋ የሞተባት፣ ልጅም ከእሱ በቀር የሌላት ሴት ናት። ዋሴን ከሕፃንነቱ ታውቀዋለች፤ ሲያለቅስ አዝላው ታውቃለች። በዚያ ዓመት ብሔራዊ ውትድርና በየገበያው ወጣት እያፈሰ ነበርና የሀፊር እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ሱዳን ያሻግሩ ጀመር። ፋናዬም ወንድምዋ ገዳሪፍ ስላለ ሸጋውን ልትልክ ስንቅ አዘጋጀች። ዋሴ ይህን ሰምቶ ቤትዋ ሄደ።

«እትዬ ፋናዬ፣ እስከ ሰኔ ብቻ ይተዉልኝ» አላት። «ይፈተን። ከዚያ ራሴ አሻግረዋለሁ።»

«ዋስዬ፣ ያለኝ አንድ ነው።»

«ተማሪ አይነካም። የወጣ መመሪያ ነው።»

ፋናዬ መመሪያ የሚባለውን ነገር አታውቅም። እሱን ግን ታውቀዋለች። ያዘጋጀችውን ስንቅ መልሳ ወደ ጎታው ገለበጠችው።

ጥቅምት ሆነ። ሰሊጡ በአንድ ጊዜ ደረሰና መንደሩ ባዶ ቀረ። አምስቱ ትልልቅ ተማሪዎች በየማሳው ተበታትነው ያጭዱ ነበር፤ ሸጋው የእናቱን ሲጨርስ ለደብተርና ለጫማ ብሎ ሌላ ሰው ማሳ ተቀጥሮ ገባ። ዋሴ ራኩባው ሥር ከጥቂት ሕፃናት ጋር ተቀምጦ ሳለ አንዲት ቶዮታ ከኮኪት በኩል መጥታ ግራሩ ሥር ቆመች። ካኪ ሳፋሪ የለበሰ፣ ድምፁ ለስላሳ የሆነ አንድ ኃላፊ ከሊቀ መንበሩ ጋር ወረደ። ሌላ መኪና አልታየም።

ኃላፊው መጀመሪያ ሰሌዳውን አየ። በጣቱ ነክቶ፣ ከባትሪ የተሠራ መሆኑን ሲሰማ ፈገግ አለ። እሱም ወደ ውትድርና ምልመላ ከመምጣቱ በፊት አስተማሪ እንደነበር፣ ከዋሴ የበለጠ ጠመኔ እንደበላ ነገረው። ስለ ስድስተኛ ክፍሉ ጠየቀ፤ የፈተና ጣቢያ ሀፊር እንዲከፈት ቃል የሚገባ መሰለ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ዋናውን አነሣ። ከሀፊር ወጣት ተጠይቋል፤ ተማሪ ግን አይወሰድም። ችግሩ በሄደበት ሁሉ ገበሬው ሁሉ ተማሪ ነኝ እያለ ማታለሉ ነው። ስለዚህ ተማሪ የተባሉትን በዓይኑ አይቶ፣ አስነብቦ፣ ይህ ነጻ ነው ብሎ ማለፍ ይፈልጋል። እስከ እኩለ ቀን ይጠብቃል። ያልመጣ እንደ ገበሬ ይቆጠራል።

ዋሴ ሰው ልኮ ሊያስጠራቸው አሰበ። ልጆቹ ግን ያሉት በአምስት አቅጣጫ ነው፤ ማሽላው ውስጥ ሰው መፈለግ መርፌ መፈለግ ነው። ቢገኙስ የትኛው ባለማሳ ፍሬው አፉን እየከፈተ አጫጁን ይለቃል? ሊቀ መንበሩ ቀና ብለው ግራሩን ተመለከቱ። ዲስኩ እዚያ ነበር።

ማንም ምታ አላለውም። ዋሴ በኋላ ይህን ደጋግሞ ለማስታወስ ሞክሯል፤ አንድ ሰው ምታ ብሎት ቢሆን ደስ ባለው። እሱ ራሱ ተነሥቶ ወደ ግራሩ ሄደ። አያ ጀይሉ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ገብቷቸው እያነከሱ መጥተው ከብረቱ ፊት ቆሙ።

«እሳት የት አየህ?»

«ለልጆቹ ነው፣ አያ። ታይተው ይመለሳሉ። ሰዉን ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«ይህ ብረት ዋሽቶ አያውቅም» አሉት። «ሰው ዋሽቶ ይቅር ይባላል፤ ብረት ከዋሸ አይታመንም።»

ዋሴ ለአፍታ ቆመ። በዓይኑ የመጣው ሸኸዲ ያለው ማድቤት ነው፤ ያ ሦስት ሰው የሚያህል ባዶ ቦታ። አምስቱም ዛሬ ነጻ ናችሁ ቢባሉ፣ ሰኔ ላይ አምስቱም ቢፈተኑ፣ ሰው አንድ ጥዋት በከንቱ በመሮጡ ቢቆጣ ምን ይሆናል? ሕጉን ያውቀዋል፤ ግን ሕጉ ሰውን ለማዳን የወጣ ነው፤ እሱም ሰው ሊያድንበት ነው። ጀይሉን ቀስ ብሎ በክንዱ ገለል አደረጋቸውና መምቻውን አነሣ። ዲስኩም ሳያቋርጥ ጮኸ።

ማሽላው በየአቅጣጫው ተሰነጠቀ። ልጅ ሳለ እንዳየው ሆነ፤ ቅጠል የያዘው፣ ጀሪካን የተሸከመው፣ ላቡ ከፊቱ የሚወርደው ሁሉ እየሮጠ መጣ። ሳሉጎቹ ማጭዳቸውን በየማሳው ጥለው መጡ፤ በእሳት ጊዜ ማጭድ ይዞ መሮጥ ክልክል ነው፤ ሰው ይጎዳል። ሸጋው ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ። እናቱ ጀሪካን አዝላ ከኋላው ነበረች።

«እሳቱ የት ነው?» አለች ፋናዬ።

ዋሴ መልስ ሳይሰጣት ከሀፊሩ ማዶ፣ ከማሽላው ውስጥ፣ ጠመንጃ የያዙ ሚሊሻዎች ወጡ። ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ተኝተው ነበር፤ ሎሪያቸውም ወዲያ ቆሟል። ሰዉ ጭስ ፍለጋ ወደ ሰማይ አንጋጦ ስለነበር ሲከበብ አላየም። እጁ ላይ ያለው ቅጠል ብቻ ነው። ጩኸት አልነበረም። አንድ ሳሉግ ለመሮጥ ሲሞክር በሰደፍ ተመትቶ ወደቀ፤ ሌላው ሁሉ የተባለው ቦታ ተቀመጠ። ፂም ያለው እየተለየ ወደ ሎሪው ሄደ፤ የመንደሩ ወጣትም፣ ነገ ወደ ደጋ ሊመለስ ያሰበው ሳሉግም። አምስቱ ተማሪዎችም አብረው ተለዩ።

ዋሴ ኃላፊው ፊት ቆሞ፣ እነዚህ ተማሪዎቼ ናቸው፣ ነጻ ናቸው ብለውኛል አለ። ኃላፊው አልተቆጣም። ሸጋውን ጠርቶ ከሰሌዳው ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር አስነበበው። ሸጋው መምህሩን እያየ፣ ነጻ የሚያወጣው ንባቡ መስሎት፣ ጥርት አድርጎ አነበበ።

«ጥሩ አስተምረሃቸዋል» አለ ኃላፊው። «ማንበብ የሚችል ሰው እጅግ ያስፈልገናል። ሬዲዮ የሚይዝ እያጣን ነው።»

ሎሪው ሲሄድ ሸጋው እላዩ ላይ ከኋላ በኩል ቆሞ ነበር። በእጁ ያለውን ቅጠል እስከዚያ ድረስ አልጣለውም። ፋናዬ ጀሪካኑን ሳታወርድ እንዳዘለች መንገዱን ስታይ ቆየች። ከዚያ ወደ ዋሴ ዞረች። ሁሉም ትሰድበዋለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን እንዲህ ብቻ አለችው፦

«እሳት የለም ማለት ነው፣ መምህር? እንግዲህ ይፍቀዱልኝ፣ ልሂድ።»

አዝላው ታውቃለች፤ አንቱ ብላው ግን አታውቅም።

ዋሴ ልጆቹን ሊያስመልስ ኮኪት ሄደ፤ አልፈዋል አሉት። ጎንደር ድረስ ተከተለ። በአንድ የጦር ሰፈር በር ላይ የቆመ ዘብ ከላይ እስከ ታች አይቶት፣ መምህር፣ አንተም ወጣት ነህ፤ ሌላ ሰው ሳያይህ ብትመለስ ይሻልሃል አለው። ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ከአምስቱ ስለ ማንም የተረጋገጠ ወሬ አልመጣም። አንድ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ቁስለኛ ኮኪት ላይ፣ ከሀፊር የመጣ ሬዲዮ የሚይዝ ልጅ አይቻለሁ አለ ተባለ። ፋናዬ ሰውዬውን ፍለጋ ሄዳ አላገኘችውም።

አጨዳው አልቆ ጆንያው ሲወጣ ዋሴ የትምህርት ምት መታ፤ ዝግ ያለውን፣ የተራራቀውን። ከሕፃናቱ በቀር የመጣ የለም። ከአሥር ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ድምፁን ሲሰማ ወደ ማሽላ አገዳው ይገባ ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን ሲያስፈራሩ «ዋ፣ መምህሩ ይመታዋል» ማለት ጀመሩ፤ የሚመታው ልጁን ሳይሆን ብረቱን መሆኑን ሕፃኑም ያውቃል። ለቀሩት አራት ልጆች የፈተና ጣቢያ አይከፈትም የሚል ቃል ከወረዳ መጣ፤ ስድስተኛ ክፍል ታጠፈ። ዋሴ ዝውውር ጠየቀ፤ ወደ ሀፊር የሚተካህ ሰው ከየት ይመጣል ተባለ። አባቱ ደምለው ይህን ሲሰማ ከጉሮሮው የወጣው ሳቅ ይሁን ሳል አልታወቀም። አሰበችም ስለ ጠመኔና ስለ ማጭድ ዳግመኛ አላወራችም።

ደግሞ ጥቅምት መጣ። መጋዘኑ በሰሊጥ ጆንያ ተሞላ፤ ሜዳው ላይ ሂላው እንደ ሰው ተሰልፎ ቆመ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዋሴ ራኩባው ሥር ሳለ አያ ጀይሉ ከመሰላሉ ላይ ሆነው ስሙን ጠሩ። ከምሥራቅ በኩል ነጭ ጭስ ተነሥቷል፤ ነፋሱም ወደ መንደሩ ነው።

ዋሴ ሮጦ መምቻውን አነሣና መታ። ሳያቋርጥ፣ ክንዱ እስኪዝል መታ። ማሽላው አልተሰነጠቀም። ማንም አልመጣም። ጀይሉ በዕድሜያቸው ደክመው ከመሰላሉ ሲወርዱ መምቻውን ሰጥቷቸው እሱ ወጣ፤ እሳቸው ሳያቋርጡ እየመቱ እሱ ከላይ ተመለከተ። ሜዳው ሁሉ ታየው። በየማሳው የማሽላው ራስ ይነቃነቅ ነበር፤ በቀጭን በቀጭን መስመር እየተነቃነቀ ይሄዳል። መስመሮቹ ግን ወደ ጉብታው አይመጡም። ሁሉም ወደ ምዕራብ፣ ወደ ድንበሩ፣ ከድምፁ እየራቁ ይሄዱ ነበር። ጭሱን ያየ የለም፤ ማሽላው ይጋርዳል። የሰሙት ብረቱን ብቻ ነው፤ ብረቱም ሲጮህ ምን ማለት እንደሆነ ባለፈው ዓመት ተምረዋል።

የመጀመሪያው ሂላ ሲፈነዳ ከመሰላሉ ላይ ተሰማ። ከዚያ ሁለተኛው፤ ከዚያ የሚቆጠር አልነበረም። ዋሴ ወርዶ መምቻውን ከሽማግሌው ተቀበለና እንደገና መምታት ያዘ፤ ሌላ የሚያደርገው ነገር አልመጣለትም።

አንድ ሰው መጣ። ፋናዬ ናት፤ ጀሪካን አዝላለች። ሳትቸኩል ጉብታውን ወጥታ ዲስኩ አጠገብ ደረሰች።

«እሳት ነው፣ መምህር?»

«እሳት ነው፣ እትዬ።»

«ሌላው ሁሉ ሸሸ። እኔ ግን የሚወስዱብኝ ስለሌለኝ መጣሁ።»

ጀሪካኑን አውርዳ መጋዘኑ ግድግዳ ሥር አስቀመጠችው። ሦስቱም ለአፍታ ተመለከቱት፤ ከሀፊሩ የተቀዳ፣ ቀይ ጭቃ የሚመስል ውሃ ነው። ሙቀቱ አሁን ፊት ላይ ይሰማ ነበር። በራኩባው ሰንበሌጥ ላይ የመጀመሪያው ፍንጣሪ ሲያርፍ ዋሴ አየው። ሰሌዳው ራኩባው ውስጥ ነው፣ ላውጣው ብሎ አሰበ፤ ከዚያ ለማን ብሎ አሰበ። ክንዱ ግን ከልማዱ አላቆመም፤ እሳቱን እያየ ዲስኩን ይመታል።

አያ ጀይሉ ጠጋ ብለው እጁን ያዙት።

«ኸላስ፣ ዋሴ፣ በቃ» አሉት። «አትምታው። በመታኸው ቁጥር ይርቃሉ።»